ያረጀ ሁሉ አይጣልም

ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ፥ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን እንዳዘዘ ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 6 ጽፎልናል። ጥቂቱን ማብዛት የሚችል አምላክ ትራፊውን አለመናቁ፥ ቤት ለምናስተዳድር ሁሉ ትምህርት ይሆነን ዘንድ ነው። በአብነት ትምህርት ቤትም ሳለን፥ ከአሮጌ መጽሐፍ የተረፈ የብራና ቅጠል ለሌላ መጽሐፍ መጠረዣ ሲውል እንጂ ሲጣል አላየንም።

ይህን ያሳሰበኝ በቤታችን ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። መሣሪያው ከዐሥር ዓመት በላይ አገልግሎናል። ይሠራበት የነበረው ዊንዶውስ 10 የተባለው ሥርዓት መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ፥ ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል አቅሙ የማይፈቅድ ሆነ። ታላቂቱ ልጄ «አባዬ፥ ለቁራሌው ሰጥተን አዲስ እንግዛ» አለች። ባለቤቴ ግን «የአዲሱ ዋጋ ከየትኛው ደመወዝ ይወጣል? የመጻሕፍት መግዣ እንኳ ገና አልሞላም» ብላ መለሰች። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ልጅቱ መሥሪያ ያስፈልጋታል፥ ቤቱም አቅም የለውም።

ስለዚህ «ምን ይጎድለዋል?» ከማለት አስቀድመን «ምን ይችላል?» ብለን ጠየቅን። በመጀመሪያ ፎቶግራፎቻችንንና ጽሑፎቻችንን ወደ ሌላ ማከማቻ ገለበጥን። ቀጥሎ አቧራውን አራግፈን፥ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ ለወጥን፤ 4 ጊጋባይት የነበረውንም ራም 8 አደረግነው። ከዚያ በኋላ ያለ ዋጋ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንት ጫንንበት። የሊኑክስን እምብርት በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ ተማሪ ነው። የግእዝ ፊደልም በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ስለ ገባ፥ በአማርኛ ለመጻፍ የሚያግድ ነገር የለም።

አሁን ልጅቱ የቤት ሥራዋን ሊብረኦፊስ በተባለው ፕሮግራም ትጽፋለች። ታናሽ ወንድሟ በዐሥር ጣት መጻፍን ይለማመዳል። አስቀድመን ያወረድነውንም ዊኪፔዲያ በኪዊክስ አማካይነት ኢንተርኔት በሌለበት ሰዓት እናነባለን። ባለቤቴ የዕድሩን መዋጮ ትመዘግብበታለች፤ እናቴም ማታ ማታ መዝሙር ያዳምጡበታል። የተቀመጠውም በሳሎን ስለ ሆነ፥ ስልክ በየጥጉ የበተነንን ያህል ይህ ይሰበስበናል፤ ልጆቹ የሚያዩትንም እኛ እናያለን።

ጥንቃቄ ግን ያሻል። ድጋፉ በቆመ ሥርዓት የባንክ ጉዳይ መፈጸም አይገባም። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፥ ወዲያው መጠቀምን ማቆም እንጂ መብሳትም መጫንም አይገባም። ባለ ቱቦው የጥንት ስክሪን እርሳስ የተባለ መርዛማ ብረት ስላለበት፥ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አይሰበር። ለጎረቤት ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤት የሚሰጥም ሰው አስቀድሞ ዲስኩን በሚገባ ይደምስስ፤ ፋይሉን ወደ ቅርጫት መጣል ብቻ መደምሰስ አይደለምና።

ለጥገናው ያወጣነው ከአዲሱ ዋጋ እጅግ ያነሰ በመሆኑ፥ ከቈጠብነው ተርፎ የልጆቹ መጻሕፍት ተገዙ። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ በየቤታችን ጥግ አቧራ የለበሰውን ዕቃ ከመጣላችን በፊት፥ ልኩን ዐውቀን የሚችለውን ሥራ እንስጠው። ልጆቻችንም በእጃቸው ያለውን ማክበርን ከእኛ ይማሩ። ባለን የምናመሰግንበትን ልቡና እግዚአብሔር ያድለን።