መርከብ የሚሳፈሩ ፉርጎዎች

ካምፓላ በሰባት ኮረብቶች ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት እየተባለ ይነገራል። ለመቁጠር የተነሣ መንገደኛ ግን ሰባቱን በቶሎ አልፎ ቁጥሩ ይጠፋበታል። ከከተማዋ መሐል በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በናካዋ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከሚገኙት ኮረብቶች አንዱ ሙቱንጎ ይባላል። ጎረቤቱ ምቡያ የኡጋንዳ መከላከያ ሚኒስቴርና ወታደራዊ ሆስፒታል የሚገኙበት በመሆኑ ለወታደር ጆሮ የበለጠ የታወቀ ነው። ሙቱንጎ ግን ምቡያ የሌለው አንድ ነገር አለው፤ ይኸውም ከላዩ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከቱ የሉዚራ ጣራዎች፣ የፖርት ቤል ወደብ፣ የቢራ ፋብሪካው፣ ከሁሉም ባሻገር ደግሞ ዳርቻው የማይታይ የቪክቶሪያ ሐይቅ በአንድ ዓይን መግባታቸው ነው። በሥራ ጉዳይ ካምፓላ በሰነበትንበት ወቅት የዕረፍት ሰዓታችንን ያሳለፍነው እዚህ ነበርና ያየነውንና የሰማነውን ለጓዶቻችንና ለቤተሰቦቻቸው ለማካፈል ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ አንድ ቃል ጥቂት እንበል። እኛ «ባቡር» የምንለው ቃል ከሩቅ የመጣ ነው። ፈረንሳዮች እንፋሎትን «ቫፐር» ይሉታል፤ ቱርኮች ቃሉን ወስደው የእንፋሎት መርከብን «ቫፑር» አሉት፤ ዐረቦችም «ባቡር» አድርገው ተቀበሉት። እኛ ዘንድ ሲደርስ በሀዲድ ላይ የሚሄደው መኪና ስም ሆነ፤ በገጠሩ ደግሞ እህል የሚፈጨው ሞተር ሳይቀር «ባቡር» ተብሎ ይጠራል። እናት ልጇን «ባቡር ቤት ሂድ» ስትል ዱቄት አምጣ ማለቷ እንጂ ድሬዳዋ ውረድ ማለቷ አይደለም። እንግዲህ በአንድ ቃል መርከብም ባቡርም የሚጠራበት ምክንያት በፖርት ቤል ወደብ በዓይን ይታያል፤ እዚያ ባቡሩ መርከብ ይሳፈራልና።

ነገሩ የሚጀምረው ቅኝ ገዢዎች ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ መካከለኛው አፍሪካ መንገድ በፈለጉበት ዘመን ነው። እንግሊዞች ሀዲዱን ከሞምባሳ መዘርጋት የጀመሩት በ1896 ሲሆን፣ ሥራው «የኡጋንዳ ባቡር» ይባል እንጂ በ1901 ሲጠናቀቅ የቆመው ኡጋንዳ ውስጥ ሳይሆን ዛሬ ኪሱሙ በምትባለው የኬንያ የሐይቅ ዳር ከተማ ነበር። ለሥራው ከሕንድ ከ30,000 የማያንሱ ሠራተኞች ተጓጉዘው መጡ፤ ከእነርሱም 2,500 ያህሉ በበሽታና በአደጋ ረገፉ። በ1898 በጻቮ ወንዝ ድልድይ ላይ ሁለት አንበሶች ሠራተኛውን ከድንኳኑ እየጎተቱ በመብላት ሥራውን እስከ ማስቆም ደርሰው ነበር። መጻሕፍት ስለ አንበሶቹ ብዙ ይላሉ፤ ስለ ሞቱት ሠራተኞች ግን የሚሉት ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ሚዛኑን የሳተ አጻጻፍ ነው።

ለባለቤቶቻችን ደግሞ ይህን እንጨምር። ሀዲድ አንጣፊውን ጓድ ይመራ የነበረው መሐንዲስ ሮናልድ ፕሬስተን ሚስቱን ፍሎረንስን ይዞ ነበር የሄደው። እርሷም ከድንኳን ወደ ድንኳን እየተዛወረች ዓመታቱን በበረሃ አሳለፈች። በታኅሣሥ 1901 ሀዲዱ ሐይቁ ዳር ሲደርስ የመጨረሻውን ችንካር እንድትመታ ተደረገ፤ ወደቡም ለጊዜው «ፖርት ፍሎረንስ» ተባለ። የጦር ሠፈር ኑሮ የምታውቅ ሴት የዚህች ሴት ድካም አይጠፋትም።

ከኪሱሙ ወዲያ ያለው መንገድ ውሃ ነበር። ቪክቶሪያ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ጣናን ሃያ ጊዜ ያህል ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ ታንኳ ብቻውን አይበቃም። መርከቦቹ ታዲያ የተሠሩት በስኮትላንድ ነበር። በዚያ መጀመሪያ በቡሎን ይገጣጠማሉ፤ እያንዳንዱ ብረት ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ ተፈትቶ በመርከብ ይጫንና ኪሱሙ ላይ እንደገና በብረት ችንካር ይሰፋል። «ዊልያም ማኪነን» የተባለችው የመጀመሪያዪቱ የእንፋሎት መርከብ ባቡሩ ገና ሳይደርስ የተላከች በመሆኗ ቁርጥራጮቿ በሰው ጫንቃ ጭምር ተጓጉዘው በ1900 ሐይቁ ላይ ወረደች። አንድ ቁራጭ መንገድ ላይ ቢጠፋ ምትኩ ከስኮትላንድ እስኪመጣ ድረስ መርከቡ ሬሳ ሆኖ ይጠብቃል ማለት ነው።

ይህን ስንሰማ የሀገራችን ሁለት ነገሮች ትዝ አሉን። አንደኛው ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት የሴባስቶፖል መድፍ ነው፤ እርሱ ሳይፈታ እንዳለ ተራራ እያስፈነቀለ መቅደላ ወጣ። ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በ2025 «ጣና ነሽ 2» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ሆና በየብስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ ሕዝብ በየመንገዱ ወጥቶ አይቷታል። እንግሊዞች ፈትተው ያጓጓዙትን የእኛ ሰዎች ሳይፈቱ አጓጓዙት።

የፖርት ቤል ወደብ ስሙን ያገኘው በ1906 የኡጋንዳን አስተዳደር ከተረከበው ከሄስኬዝ ቤል ነው። ሀዲዱ ጂንጃ ላይ ናይልን በድልድይ ተሻግሮ ካምፓላ የገባው በ1931 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ከባሕር የመጣ ሁሉ በመርከብ ፖርት ቤል ይደርስና በአጭሩ የባቡር መሥመር ወደ ከተማ ይወጣ ነበር። ይህ መሥመር አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ የሚሞላ አይመስለንም፤ ነገር ግን የሚያልፍበት ስፍራ መታየት አለበት። የናኪቩቦ ቦይ የካምፓላን ጎርፍና ፍሳሽ ተሸክሞ በደንገል ረግረግ ውስጥ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ሀዲዱም ያንን ሸለቆ ይዞ ይሄዳል። ቦይ ሲባል ጀልባ የሚንሸራሸርበት የመሰለው ሰው ያዝናል፤ በዚህ ቦይ ላይ የሚንሳፈፈው የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ነው። ደንገሉ ግን የሚናቅ አይደለም። የከተማውን ቆሻሻ እያጣራ ለሐይቁ የሚያቀብለው እርሱ ነው፤ የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበትም ይኸው ተክል ነው።

አንድ የኡጋንዳ መኮንን ፈቃድ አስወጥቶልን ወደቡን ጎበኘን። ባቡር ጫኝ መርከቧ ወለሏ ላይ ሀዲድ ተነጥፎባታል፤ በአንድ ጊዜ ወደ ሃያ የሚጠጉ ፉርጎዎች ትሸከማለች። ኡጋንዳ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያሉ ሦስት መርከቦችን ቤልጂግ አሠርታ ነበር። አንደኛዋ በእንግሊዞች ላይ ተዋግቶ ወደ ሲሸልስ በተጋዘው የቡንዮሮ ንጉሥ ስም «ካባሌጋ» ተባለች፤ ሁለተኛዋ «ፓምባ» ማለትም ጥጥ፣ ሦስተኛዋ «ካዋ» ማለትም ቡና ናቸው። ቡና የተባለች መርከብ ቡና ጭና ስትሄድ ማየት ለኢትዮጵያዊ ደስ ያሰኛል።

የጭነቱን ሥራ ያስረዱን በሀዲድና በወደብ ላይ ያረጁ አንድ ሠራተኛ ነበሩ። ከምድር ወደ መርከቡ የሚያሻግረው የብረት ድልድይ በአንድ ጫፉ እንደ በር በማጠፊያ የተያዘ ነው፤ ሐይቁ ሲሞላ ይነሣል፣ ሲጎድል ይወርዳል። ከባዱ ሎኮሞቲቭ ድልድዩን አይረግጥም። በእርሱና በተጫኑት ፉርጎዎች መካከል ባዶ ፉርጎዎች ይቀጠሉና እንደ ረጅም ክንድ ሆነው ጭነቱን ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ሎኮሞቲቩ ቢገባ ክብደቱ የመርከቡን አፍ ወደ ውሃ ይደፍቀዋል። በመጀመሪያ የመካከሉ ሀዲድ ይሞላል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ከቀኝ፣ አንድ ጊዜ ከግራ እየተባለ ይቀጥላል። አህያ የጫነ ባላገር ይህን ሥርዓት ሳይማር ያውቀዋል፤ አንዱን ጆንያ ብቻ ጭኖ ሁለተኛውን ለማንሣት ዞር ሲል ኮርቻው ሆድ ሥር ይገኛልና። ፉርጎዎቹ ከገቡ በኋላ ፍሬን ይያዛል፤ ከጎማቸው ሥር ታኮ ይገባል፤ በሰንሰለት ይታሰራሉ። በመጨረሻም በፉርጎው አካል ሥር ክሪክ ይቆማል። ይህን ለምን እንደሚያደርጉ ስንጠይቅ ሽማግሌው፦

«ፉርጎ ባላስትራ አለው። ማዕበል ሲመጣ ባላስትራው ይዘላል፤ ባላስትራው ሲዘል ሰንሰለቱ ይላላል። ሰንሰለቱ ከላላ እኔ አላሰርኩትም ማለት ነው» አሉን።

በተለይ የተመለከትነው አንድ ነገር አለ። እርሳቸው ጨርሰው ከወረዱ በኋላ ሌላ ሰው ወጥቶ እያንዳንዱን ሰንሰለት በእጁ እየነቀነቀ ፈተሸ፤ ሽማግሌውም አልተቀየሙም።

ውሃ ሁልጊዜ ይታዘዛል ማለት ግን አይደለም። በግንቦት 2005 «ካባሌጋ» ከእኅቷ ከ«ካዋ» ጋር በሐይቁ ላይ ተጋጭታ ሰጠመች። በ2020 የጸደይ ዝናብ ደግሞ ሐይቁ በ1964 ከደረሰበት ከፍታ አልፎ የወደቡን መረማመጃ ዋጠው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ከዳር ተገንጥሎ የሚንሳፈፍ የሣርና የአፈር ደሴት ጂንጃ የሚገኘውን የኃይል ማመንጫ ዘግቶ ኡጋንዳን በጨለማ አዋላት።

ስለ ሰዎች ጉዞ የነገሩን ግን በሙቱንጎ ብዙ ዓመት የኖሩ አንዲት የሀገራችን እናት ናቸው። ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ በሦስቱ ስኒዎች መካከል የተናገሩት ለቤተሰብ ዓምዳችን ይጠቅማል ብለን ጻፍነው።

«እትዬ፣ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ሄደው ያውቃሉ?» አልናቸው።

«እንዴታ ልጆቼ! የባለቤቴ ዘመዶች ሴሴ ደሴት አሉ። ግን እኔ ጀልባ ስሳፈር ቀለሙን አላይም፤ ከውሃው በላይ ምን ያህል እንደቀረው ነው የማየው። ከንፈሩ ወደ ውሃው ከቀረበ፣ አምላክ ያውጣህ ብዬ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ አድራለሁ። ዘመድ ነገም አለ።»

ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። በግንቦት 1996 «ቡኮባ» የተባለችው የታንዛኒያ መርከብ ከአቅሟ በላይ ጭና ምዋንዛ አጠገብ ስትገለበጥ ከ800 በላይ ሰዎች አለቁ። ተገልብጣ ሳለች በውስጧ የታፈነው አየር አንሳፏት ነበር፤ የታገቱትን ለማውጣት ሆዷ ሲበሳ አየሩ ወጣና ወደ ታች ወረደች። በመስከረም 2018 «ኔሬሬ» የተባለችው ደግሞ ወደ ኡካራ ደሴት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ተሳፋሪው ለመውረድ ወደ አንድ ወገን በመሰብሰቡ ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ሰው መድረሱን ባየ ጊዜ ጓዙን አንሥቶ ወደ በሩ መጋፋቱ በአውቶቡስም የምናውቀው ልማድ ነው። አውቶቡስ ግን በዚህ ምክንያት አይገለበጥም።

እኒህ እናት አንድ ሌላ ነገር አከሉ። በሀገራችን ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ ጀልባ ላይ ይወጣል፤ ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ። ሕፃኑ ከጀርባ ከታሰረ እናቲቱ የሕይወት አድን ጃኬት ልትለብስ አትችልም። በላዩ ብትደርበውም ልጁ ከሥር ይታፈናል፤ ውሃ ውስጥ ብትገባ ደግሞ ቋጠሮውን ለመፍታት እጅ አይኖራትም። ስለዚህ ከመሳፈር በፊት ልጁ ይወርዳል፤ በልኩ የተሠራ፣ በእግሮቹ መካከል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ጃኬት ይለብሳል፤ ከፊት ይታቀፋል። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም፤ ውሃው ጃኬቱን ወደ ላይ ሲገፋው ልጁ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ነጠላም ቢሆን ወገብ ላይ ጠብቆ ከሚታሰር ትከሻ ላይ ቢጣል ይሻላል። በሐይቁ ላይ ብርቱው ነጎድጓድ የሚበዛው ሌሊት በመሆኑ በማታ አይሄዱም። ምድሪቱ ሲመሽ ትቀዘቅዛለች፤ ውሃው ግን ሙቀቱን ይዞ ያድራልና ነፋሱ ከየዳርቻው ወደ መሐል ሄዶ ይጋጠማል። በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በአርባ ምንጭ ያሉ ቤተሰቦቻችን ይህን ምክር ከእኛ ሳይሆን ከእርሳቸው እንደሰሙት ይቁጠሩት።

የብስም የራሱ ሕግ አለው። በጥር 1985 ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ በኩርባ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ሀዲድ ስቶ ከ400 በላይ ወገኖቻችን መሞታቸው የሚረሳ አይደለም።

የእኛና የኡጋንዳ አሮጌ ሀዲዶች ስፋታቸው አንድ ነው፤ አንድ ሜትር። የጅቡቲው መሥመር በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው። በ1977 ወራሪው ጦር ድልድዮቹን ሲያፈርስ መሥመሩ ተቋርጦ እንደነበረ ከአንጋፋ ወታደሮች የሰማ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ በአዲሱ ሰፊ ሀዲድ ቢተካም፣ በድሬዳዋ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ የፈረንሳይ ዘመን ማሽኖችን ማየት ይቻላል። በዚያ ጦር ሠፈር ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አይቆጫችሁም። ናይሮቢ ይህን የመሰለ ሙዚየም የከፈተችው በ1971 ነው። ቤየር ፒኮክ የተባለው ፋብሪካ በ1950ዎቹ ለምሥራቅ አፍሪካ የሠራቸውና በተራራዎች ስም የተሰየሙት፣ በአንድ ሜትር ሀዲድ ላይ ከሄዱት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሁሉ የሚበልጡት ግዙፎች አንዱ እዚያ ቆሟል።

ኡጋንዳም በ2022 በአሮጌው የጂንጃ ባቡር ጣቢያ የባቡር ሙዚየም ከፍታለች። ከካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ በጭነት መኪና የተጨናነቀ ስለሆነ ማልዶ መነሣት ያስፈልጋል፤ «ቦዳ ቦዳ» የሚባለው ሞተር ሳይክል ለከተማ ውስጥ እንጂ ለዚህ ርቀት አይመከርም። ጣቢያውን ከጎበኙ በኋላ ወደ 1931ዱ ድልድይ ዘልቆ ወንዙን ማየት ነው። ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ የሙቱንጎ ሰዎች ከኮረብታቸው የሚያዩት ሐይቅ ውሃ ነው፤ ከብዙ ሳምንታት ጉዞ በኋላ ካርቱም ላይ ከዓባይ ጋር ይገናኛል።