አንኮበርና የቆመው ወፍጮ

ከደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አንኮበር ገባን። ተማሪዎቼ የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ሲያደንቁ የእኔ ሐሳብ ግን ከወፍጮው ላይ ነበር። በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዘመናቸው የተሠራው የውሃ ወፍጮ፣ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉት ቆመ፤ እናቶችም በድንጋይ መፍጨታቸውን ቀጠሉ።

ዳሩ ግን በ1809 ዓ.ም. የአየር ሞተር የፈለሰፈው ሮበርት ስተርሊንግ ራሱ የስኮትላንድ ቄስ ነበር። የሞተሩን አምሳያ በጓሮ ከጣሳ ሠርተን ይዘን ነበር። ታቹን በኩራዝ አሞቅነው፤ ላዩን የደጋው ብርድ አቀዘቀዘው። አየሩ ሲሞቅ እየሰፋ፣ ሲበርድ እየተኮማተረ መንኰራኵሩን አዞረ። አንዲት ባልቴት ፈራ ተባ እያሉ «ማነው የሚገፋው?» አሉ። ተማሪዬ አስረዳቸው። ሲቆም ኩራዙን ራሳቸው አስጠጉት።

ያን ወፍጮም ያቆመው ሃይማኖት ሳይሆን የሚያስረዳ ሰው መጥፋቱ ይመስለኛል።