ሸክላ ወይስ ሲዲ? የአብሮ አደጌ እቁብና የእኔ ምክር

ዛሬ ፖለቲካውን ለአንድ ቀን እንለፈውና አንድ የቆየ ዕዳዬን ልናገር።

ኮሮና ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ግድም ቀደም ብሎ አብሮ አደጌ እቁብ ደረሰው። ቀን ቢሮ ይሠራል፣ ማታ ላፕቶፑ ላይ ሙዚቃ ያቀናብራል። መሰንቆን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አዋህዶ አራት ሥራ ጨርሶ ነበር። "በእቁቡ ሸክላ ላሳትምበት ነው" አለኝ። "የአውሮፓ ዲጄ ሲዲ ስትሰጠው ዞር ብሎ አያየውም፤ ሸክላ ግን አይጥልም።" ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። እኔ በዚያው ሰሞን ለአጭር ሥልጠና በርሊን ልሄድ ነው። ጋዜጠኛ ነውና ያውቃል ብሎ አማከረኝ።

ሳላመነታ "ሲዲ አድርገው" አልኩት።

ምክንያት ነበረኝ። ሸክላ ለማሳተም መጀመሪያ ድምፁ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፣ ከዚያ የብረት ሻጋታ ይወጣለታል፣ ከዚያ የሙከራ ቅጂ መጥቶ ሰምተህ "ይሁን" ትላለህ። ብዙዎቹ ማተሚያዎች ከጥቂት መቶ ቅጂ በታች አይቀበሉም፤ ወረፋው ወራት ይፈጃል። የእሱ ሥራዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ናቸው። በአንድ ገጽ ላይ ሙዚቃው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ስለሚቀንስ ትንሿ ባለ 7 ኢንች አትበቃቸውም። መርፌው ወደ መሀል በተጠጋ ቁጥር ደግሞ እንደ መሰንቆ ያለ ሹል ድምፅ መሻከር ይጀምራል። (ይህን ሁሉ የማውቀው የድምፅ ባለሙያ ሆኜ አይደለም፤ ዕድሜ ለዩቲዩብ።) ስህተት ከተገኘ ሦስት መቶው ላይ ነው ያለው። ሲዲ ግን ዛሬ ማታ ትጽፋለህ፣ ነገ ትሰጣለህ።

አርባ ሲዲ ጻፍን። ስሙንና ስልኩን ሽፋኑ ላይ ብቻ አተምን፤ ሲዲው ላይም ይጻፍ ሲል "ሽፋኑ ይበቃል" ያልኩት እኔ ነኝ።

በርሊን ውስጥ አንድ ወጣት ዲጄ ሲዲውን ተቀብሎ ገለባብጦ አየውና ፈገግ አለ። ክለቡ ያለው ማጫወቻ የሲዲ ማስገቢያ አለው፤ እሱ ግን የሚሠራው በፍላሽ ነው፣ ሲዲ መቼ እንዳስገባ አያስታውስም። ሌላው የድሮ የአፍሪካ ሸክላ የሚሸጥ ጎልማሳ ነው። የእኛን የሰባዎቹን ሸክላ አውጥቶ አሳየኝ፤ ዋጋው ከወር ገቢዬ በላይ ነበር። "ይሄ በሸክላ የለም?" አለኝ። የለም ስለው ሲዲውን ከጠረጴዛው ሥር ካለው ክምር ላይ ጣል አደረገው። ክምሩ ውስጥ ሽፋናቸው የጠፋ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ሲዲዎች አየሁ። ያኔ ሆዴ ፈራ።

ነገሩ የሚገርመው፣ ያንን የሸክላ ዘመን ለዓለም ያስተዋወቀው ሲዲ መሆኑ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ የእነ አለማየሁ እሸቴን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር የተሰጠው፤ ደፍሮ ገባበት። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላው ተረሳ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ "ኢትዮፒክስ" ብሎ በሲዲ ባያወጣው ኖሮ ያ ሻጭ ዋናውን ፍለጋ አይወጣም ነበር ብዬ አስባለሁ። ስለዚህ ሲዲ ውርደት አይደለም። ለራዲዮ አዘጋጅና ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው ጥሩ ነው።

ዲጄ ግን ሌላ ነው። በሸክላ የሚሠራው ሰው ሸክላውን ተሸክሞት ይዞራል፤ ቦርሳው የሚይዘው የተወሰነ ነው። አንዱን ለማስገባት ሌላውን ማውጣት አለበትና ሳይሰማ አይወስንም። በሲዲ ማሽን የማይሠራን ሰው በሲዲ መለመን ትርፉ ድካም ነው። መጠየቅ የነበረብኝ "የቱ ይረክሳል?" ሳይሆን "ይህ ሰውዬ በምን ይሠራል?" የሚለውን ነበር።

ያም ሆኖ እቁቡን ሦስት መቶ ሸክላ ላይ አፍስሰው ብዬ ዛሬም አልመክርም። መካከለኛ መንገድ ነበረ። የጃማይካ ሳውንድ ሲስተሞች አዲስ ዘፈን ገበያ ሳይወጣ አንድ ቅጂ ብቻ አስቀርጸው በሕዝብ ፊት ይሞክሩት ነበር፤ ደብፕሌት ይሉታል። ተደጋግሞ ሲጫወት ቶሎ ያልቃል፣ ግን ሥራውን ይሠራል። ዛሬም በነጠላ የሚቀርጹ ሰዎች አሉ። የአንዱ ዋጋ ውድ ነው፤ ሦስት ቢያስቀርጽ ግን እቁቡ አይነካም ነበር።

ማንም አልደወለለትም። ገንዘቡ ለወሊድና ለቤት ኪራይ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የፓዮኒር ማጫወቻ ደግሞ ጭራሹን የሲዲ ማስገቢያ የለውም።

ባለፈው ወር "እስቲ ያንን ሥራህን ላክልኝ፣ እኔ ራሴ ለሰዎች ላሰማልህ" አልኩት። ላፕቶፑ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ፋይሉም አብሮ ሄዷል። የቀረው እኔ መሳቢያ ውስጥ ያሉት ዘጠኝ ሲዲዎች ናቸው። የእኔ ላፕቶፕም ማስገቢያ የለውም። ቤት የተጻፈ ሲዲ ደግሞ ዕድሜው አያስተማምንም። አዲስ አበባ ውስጥ ደህና የሚያነብ የሲዲ ማጫወቻ ያላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በዚህ ሳምንት ይዤ እመጣለሁ።