በቀየት ሜዳ የገና ጨዋታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ጣርማ በር ላይ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው በተራራው ውስጥ በተፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለተኛው ግን ቆላውን በስተ ቀኙ ትቶ በደጋው ላይ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። እኛ በአንድ የገና ሰሞን የያዝነው ይህን ሁለተኛውን ነበር። በከተማ ያደጉት ልጆቻችን ገናን የሚያውቁት በዶሮው፣ በድፎ ዳቦውና ከውጭ አገር በመጣው ባለ መብራት ዛፍ ስለ ሆነ፣ ከበዓሉ ጋር አንድ ስም ያለውን ጨዋታ በእረኛ አገር፣ በእውነተኛ ሣር ላይ ያዩት ዘንድ ይዘናቸው ወጣን።

የመንዝ ብርድ የታወቀ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በዚህ ደጋ ላይ በታኅሣሥ ወር ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያነጋል፤ ሰዉም ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና ተከናንቦ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ግድግዳ ተጠግቶ ይቆያል። ዛፍ ጥቂት ነው፤ ከዚያም የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው። ሜዳ ግን ሞልቷል፤ ከተማው ራሱ መሐል ሜዳ መባሉን አንባቢ ልብ ይሏል። አገሩ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሽማግሌዎች ሲተርኩ አስቦና ጌራ የተባሉት አባቶች መሬቱን የተካፈሉት በፈረስ ግልቢያ ተወዳድረው ነው ይላሉ። በግልቢያ የተከፈለ አገር በጨዋታ ሰሞን መጎብኘቱ ተስማማን።

ቀየት የደረስነው በዋዜማው ቀትር ላይ ነበር። ሜዳው ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በታች ተዘርግቶ እስከ አንዲት ቀጭን ወንዝ ድረስ ይወርዳል። አጥር የለውም፤ በር ላይ ቆሞ ዋጋ የሚቀበልም የለም። ልጆቻችን «ሜዳው የታለ?» ብለው ጠየቁን፤ የቆሙበት እንደ ሆነ ስንነግራቸው ጥቂት አዘኑ፤ የጠበቁት በኖራ የተሰመረና መረብ የተዘረጋበት ነበርና።

ይህ ሣር ግን እንዲሁ የበቀለ እንዳይመስላችሁ። በክረምት ከብት እንዳይገባበት ይከለላል፤ ውሃ የጠጣ ጥቁር አፈር በኮቴ ከተወጋ፣ ሲደርቅ ጕድጓድና ጕብታ ሆኖ ይቀራልና። በጥቅምትና በኅዳር ሣሩ ይታጨዳል፤ ድርቆሹ ይከመራል፤ ከዚያ በኋላ በመጀመሪያ ከብቶቹ፣ በመጨረሻም በጎቹ ይለቀቁበታል። በግ ሣርን ከሥሩ አስጠግቶ የሚግጥ እንስሳ ስለ ሆነ፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ ሜዳው እንደ ተላጨ ራስ ለስልሶ፣ ደርቆና ጠንክሮ፣ ኳስ ያለ እንቅፋት የሚንከባለልበት ሆኖ ይገኛል። የሣሩ ወራትና የጨዋታው ወራት እንዲህ መገጣጠማቸው እጅግ ያስደንቃል። በነሐሴ ክልከላውን ጥሶ የገባ አንድ በሬ በታኅሣሥ የአንድ ጐረምሳ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

ገና የሚባለው ጫፉ የተቆለመመ በትር ነው። ቀጥ ያለውን እንጨት በእሳት ለብልቦ ማጕበጥ ይቻል ይሆናል፤ ዳሩ ግን አዋቂዎች የሚመርጡት በተፈጥሮው የጐበጠውን፣ ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ ዛፍ ሥርና ቅርንጫፍ የተገኘውን ነው። ባሕር ዛፍ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ቀጥ ብሎ ማደጉ ለቤት ሠሪ በረከት ሲሆን ለገና ተጫዋች ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ በእረኝነት የሚውሉት ልጆች ከመስከረም ጀምሮ ዐይናቸው የጐበጠ እንጨት ሲፈልግ ይከርማል፤ ያገኘም ቢሆን ለጓደኛው አይናገርም። ኳሱ በአንዳንድ አገር ሩር፣ በሌላው ጥንግ ይባላል። ከእንጨት ጕጥ የሚጠረብ አለ፤ ከቆዳ ተጠቅልሎ የሚሰፋም አለ። በቀየት ያየነው የእንጨቱን ነበር፤ በደኅና ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ከወንዙ ማዶ ካለው ገደል ተመልሶ ይሰማል።

በዓሉ እንደሚታወቀው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ቀን ይውላል። ቅዳሴው በሌሊት ተፈጽሞ፣ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የተጾመው ጾም ከተፈታና ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ካረፈ በኋላ፣ ከቀትር ወዲያ ጐልማሳው በትሩን በትከሻው ላይ አድርጎ ከየመንደሩ ይወርድ ጀመር። ወገኑ ሁለት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የሚኖረው ላይ ቤት፣ ከበታች የሚኖረው ታች ቤት ይባላል። በላይ በኩል ከቅጥሩ አጠገብ አንድ ቋጥኝ አለ፤ በታች በኩል ከወንዙ ዳር ሌላ ድንጋይ አለ። ኳሱን የባላጋራውን ድንጋይ ያሳለፈ አሸነፈ። ሜዳው ተዳፋት ስለ ሆነ፣ አንድ ጊዜ ከተገባ በኋላ ወገኖቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። የተጫዋቹን ቍጥር ለማወቅ ፈልገን ብንቈጥር አልቻልንም፤ ጨዋታው ሲጀመር በአንድ ወገን 15 ያህል የነበሩት ጥቂት ቆይተው እጥፍ ሆነዋል። የመጣ ይገባል፤ የደከመ ወጥቶ ይቀመጣል።

በአገራችን የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ተቋቁሞ ለገና የተጻፈ ደንብ እንዳወጣለትና በየዓመቱም ከትግልና ከገበጣ ጋር በውድድር እንደሚያቀርበው እናውቃለን። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በዚያ ደንብ ለተጫዋች ቍጥር አለው፤ ለሰዓቱም ገደብ አለው። በቀየት ሰዓቱን የሚወስነው ጀምበሯ ናት፤ ዳኛ ሆነው የሚቀመጡትም ጕልበታቸው የደከመ የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው።

ከጥንት እንደ ሰማነው በዚህ ቀን ጌታ በሎሌው አይቈጣም፤ በትር አንሥተው አብረው ሲጫወቱ ማዕርግ ከሜዳው ውጭ ይቀመጣል። ነገሩን የአባቶች ተረት አድርገን ይዘነው ነበር። ሆኖም የቀበሌው ሊቀ መንበር በጨዋታው መካከል ቅልጥሙ ላይ ተመትቶ ሣሩ ላይ ሲቀመጥ፣ መቺው ጐረምሳ «ይማሩኝ» ሳይል ኳሱን አባሮ ሲሄድ፣ ሊቀ መንበሩም እግሩን እያሸ ከተመልካቹ ጋር ሲስቅ በዐይናችን አየን። የልደቱ ብሥራት በመጀመሪያ ለእረኞች መነገሩን በሉቃስ ወንጌል ያነበብነው ሁላችን፣ ከባለ ሥልጣን ይልቅ እረኛ የሚከብርበት አንድ ቀን በዓመት ውስጥ ቢኖር አይከፋንም። ሴቶቹ በቅጥሩ ሥር ቆመው እልል ይላሉ፤ የተሸነፈውንም በግጥም ይወርፉታል። ግጥሙን ከዚህ አንጽፈውም፤ ይህ መጽሔት ወደ ቤተሰብ የሚገባ ነውና።

በዚያው ቀን ከሁሉ ይበልጥ ለላይ ቤት የመታው አንድ ቀጭን ወጣት ነበር። ሲመሽ ባረፍንበት ቤት የገብስ ጠላ ቀርቦ ስንጫወት፣ ከእርሱ ጋር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበርና ወሬው ወደ ሜዳው ዞረ። መሬት ያላገኙ ወጣቶች ሜዳው ታርሶ እንዲከፈላቸው አመልክተው ኖሯል፤ ከአመልካቾቹም አንዱ ያ ወጣት እንደ ሆነ ስንሰማ ተደነቅን። ሽማግሌው ግን አልተቈጡም።

«ልጄ፣ ያ መሬት ውሃ የሚተኛበት ነው፤» አሉት። «ብታርሰው ሁለት ዓመት ገብስ ይሰጥሃል። በሦስተኛው ውርጩ ይበላዋል። ያን ጊዜ ገብሱም የለ፣ ሣሩም የለ።»

«ጋሼ፣ ሁለት ዓመትም ቢሆን እህል ነው፤» አለ ወጣቱ። «እኔ ሚስት አግብቻለሁ፤ አንድ ጥማድ መሬት የለኝም። ልጄን ሜዳ አላበላውም።»

«በግህን ማን ያበላልሃል?»

«በጉም ያው ሦስት ነው።»

እኛም «አባቴ፣ ለመሆኑ ሜዳው የማን ነው?» ብለን ጠየቅን።

ሽማግሌው ጥያቄያችን የሞኝ እንደ ሆነ በሚያሳይ ፊት ተመለከቱንና፣ «በክረምት የሚጠብቀው ሰው ነው» ብለው ዝም አሉ።

ለማን እንፍረድ? የሽማግሌው ቃል ያማረ ነው፤ የወጣቱ ግን እውነት ነው። ከከተማ መጥቶ አንድ ቀን ጨዋታ አይቶ የሚመለስ እንግዳ፣ ለሌላው ሰው ልጅ «ሣር ይሻልሃል» ብሎ ለመፍረድ ድፍረቱ ሊኖረው አይገባም። ስለዚህ ጠላችንን ጠጥተን ሰማን እንጂ አልተናገርንም። ዳሩ ግን ይህ ክርክር ለመንዝ አዲስ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል።

በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ጓሳ የሚባለው ሰፊ የሣር አገር አለ። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዐት ይጠብቀው እንደ ነበረ ይነገራል፤ ይኸውም የአስቦና የጌራ ወገኖች አለቆች መርጠው፣ ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ቦታውን ለብዙ ጊዜ ከአጫጅና ከከብት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ሲከፈት ሰው ሁሉ ለቤቱ ክዳን፣ ለገመዱና ለዝናብ ለሚለብሰው ገሳ የሚሆነውን ያጭዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ያ የርስት ሥርዐት ፈረሰ፤ ሣሩም ለጊዜው ባለቤት አጣ። ቆይቶ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደ ገና መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታይበት፣ ከሩቅ አገር ጐብኚ የሚመጣበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ልጆቻችን ጭላዳውን እንደ ሰው ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር ሲነቅል ባዩ ጊዜ ገናውን ሊረሱት ጥቂት ቀርቷቸው ነበር።

በባሕር ማዶም ነገሩ ከዚህ አይለይም። በስኮትላንድ ቅዱስ እንድርያስ በሚባለው ከተማ፣ ጎልፍ የሚባለው ኳስን በበትር መትቶ ወደ ጕድጓድ የማስገባት ጨዋታ የሚካሄድበት የባሕር ዳር ሣር የሕዝብ ነበር። በ1552 እ.ኤ.አ. ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሃሚልተን በቦታው ላይ ጥንቸል ለማርባት መብት ሲያገኝ፣ የከተማው ሰው በዚያው ሣር ላይ የመጫወት መብቱ እንዳይነካበት በውሉ ውስጥ ተጻፈለት። የከተማው ሹሞች ግን ዕዳ በዝቶባቸው በ1797 እ.ኤ.አ. መሬቱን ሸጡት፤ ጥንቸል ነጋዴዎችም ገብተውበት ሣሩን በጕድጓድ ሞሉት፤ ጠቡም ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ቆየ። በ1821 እ.ኤ.አ. ጨዋታውን የሚወድ አንድ ባለ ርስት እስኪገዛው ድረስ ጨዋታው በጭንቅ ነበር። በዘመናችን ደግሞ ከዚያ ጨዋታ የተወለደ ሌላ አለ፤ በኳስ ፈንታ እንደ ሰሐን ያለ የፕላስቲክ ዝርግ እየወረወሩ ሰንሰለት በተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ሜዳ በ1975 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በአንድ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ተሠራ። ዛሬም አብዛኛው የሚገኘው በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው፤ በብዙው ቦታም ዋጋ አይከፈልበትም። ድሀ የሚጫወተው ጨዋታ ሁሉ ባለቤቱ ሕዝብ በሆነ ሣር ላይ መብቀሉ እንግዲህ በመንዝ ብቻ አይደለም።

ከቅርባችን ምሳሌ ለሚሻ ደግሞ ጃን ሜዳ አለ። በነገሥታቱ ዘመን ገናና ጉግስ ይታይበት የነበረው፣ ታቦታቱም በጥምቀት የሚያድሩበት ያ ሜዳ፣ በ2012 ዓ. ም. በወረርሽኙ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ተዛውሮበት ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲም ነጋዴው የሚደርስበት ቦታ ማግኘቱ የግድ ነበር፤ በበሽታው ወራት ሕዝብ ሊራብ አይገባውምና። ለ2013 ዓ. ም. ጥምቀት ሜዳው ለመድረስ እንዴት ባለ ጥድፊያ እንደ ተጠረገ የከተማው ሰው ያስታውሳል። አስፋልት እንጂ ሣር በአንድ ወር ሊመለስ አይችልም።

ወደ ቀየት ነገር እንመለስ። የወጣቶቹ ማመልከቻ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ በሕዝቡ ፊት እንዲታይ ተቀጥሮ ነበር። እኛ እስከዚያ ልንቈይ ባለመቻላችን ውሳኔውን የሰማነው በመጋቢት፣ ከዚያው አገር ለገበያ ከመጣ ሰው ነው። ከወንዙ ዳር ያለው፣ ውሃ ቶሎ የሚሸሽለት ጠባብ መሬት ተለክቶ ለአምስት ወጣቶች ተሰጥቷል። የቀረው ሜዳ እንደ ጥንቱ በክረምት ይከለላል፤ ጠባቂዎቹም መሬት ያገኙት እነዚያው አምስቱ እንዲሆኑ ሽማግሌዎቹ አስምለዋቸዋል። የታች ቤት ድንጋይ ግን ከታረሰው መሬት ላይ መነሣት ስለ ነበረበት፣ ስምንት ሰዎች ተሸክመው አርባ ርምጃ ያህል ወደ ላይ አምጥተው ተክለውታል።