በዱቡሻ ፊት ያፈርኩበት ቀን

እኛ የተማርን ኢትዮጵያውያን «ዘመናዊነት» የሚለውን ቃል ስናነሳ በአብዛኛው የሚታየን ዕቃው ነው፤ መኪናው፣ ኮምፒውተሩ፣ የእጅ ስልኩ። ዕቃው ይዞት የሚመጣውን የአስተሳሰብ ልማድ ግን እምብዛም አንመረምረውም። እኔም አልመረመርኩትም ነበር። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ንባብ ሳይሆን ያፈርኩበት አንድ ቀን ነው።

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ አለታማ ከፍታ ላይ ኦቾሎ የምትባል የጋሞ መንደር አለች። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እዚያ ተቀምጦ የሕዝቡን ጉባኤ አጥንቷል፤ ጥናቱም በ1983 በመጽሐፍ ታትሟል። ከዚያ በኋላ የጥንታዊት ግሪክ ሊቅ የነበረው ማርሴል ዴቲየን፣ ተሰብስቦ ስለ ጋራ ጉዳይ መምከር የግሪኮች ብቻ ፈጠራ አለመሆኑን ሲከራከር የኦቾሎን ጉባኤ በማስረጃነት ጠቅሷል። የሚያሳዝነው፣ በአርባ ምንጭ ለዓመታት ሳስተምር ኖሬ፣ አጠገቤ ስላለችው መንደር ያወቅሁት በፓሪስ በኩል ዞሬ መሆኑ ነው።

በመጨረሻ ወደ ኦቾሎ ወጣሁ። በዚያ ቀን በዱቡሻው፣ ማለትም በጉባኤው አደባባይ፣ የሁለት ቤተሰቦች የእርሻ ድንበር ክርክር ይታይ ነበር። የመንደሩ ተወላጅ የሆነች የቀድሞ ተማሪዬ ከዳር አብራኝ ተቀምጣ በሹክሹክታ ታስተረጉምልኛለች። ጉባኤው በምርቃት ተከፈተ። አንዱ ተነስቶ ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል፤ የሚያቋርጥ የለም። በመጨረሻም ድምፅ አይቆጠርም፤ ነገሩ እስኪበስልና ሁሉም እስኪስማማ ይጠበቃል።

ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ እኔ በልቤ ፍርዱን ጨርሼ ነበር። ከሳሹ ንግግሩ የተሰካካ፣ ማስረጃውም ግልጽ ነበር፤ ተከሳሹ ግን እየተንተባተበ ያንኑ ይደጋግማል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመሳሳይ ነገር ለአራተኛ ጊዜ ሲነገር ትዕግሥቴ አለቀ። ስልኬ ጮኸ። ተነስቼ ራቅ አልኩና አነጋገርኩ።

ስመለስ ንግግሩ ቆሟል። ሁሉም ወደ እኔ ይመለከታል። አንድ ሸምገል ያሉ አባት በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እስኪጨርሱ ጠብቀናል። ሰው ጎድሎ ነገር አይቀጥልም።» በቁጣ ቢናገሩኝ በተሻለኝ ነበር።

ጉባኤው ቀጠለ። እኔ ድግግሞሽ የመሰለኝ ነገር ድግግሞሽ አልነበረም፤ በየዙሩ አንድ ቃል ይለሰልሳል፣ አንድ የተሸሸገ ነገር ይገለጣል። ወደ ማምሻው ላይ ያ አንደበተ ርቱዕ ከሳሽ ራሱ ተነስቶ የድንበሩን ድንጋይ ያዛወሩት ሟች አባቱ መሆናቸውን ተናገረ። ለእኔ ቢተው ኖሮ በግማሽ ሰዓት መሬቱን ለማይገባው ሰው ፈርጄ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ለመሆኑ ይህን ችኮላ ከየት ተማርኩት? ከትምህርት ቤት ነው እላለሁ። እጁን ቀድሞ ያወጣ የሚመሰገንበት፣ በተወሰነ ደቂቃ ያልመለሰ ዜሮ የሚያገኝበት ክፍል ውስጥ አድጌያለሁ። አሁን ደግሞ ራሴ አስተምርበታለሁ። እስከ ዛሬ ካረምኳቸው ፈተናዎች ሁሉ የሌላውን ሐሳብ በሚገባ ላዳመጠ ተማሪ ነጥብ የሰጠሁበት አንድም አላስታውስም። ስልኩ ይህን ልማድ አፋጠነው እንጂ አልፈጠረውም።

የዚህ ፍጥነት አደጋ ምን ያህል እንደሆነ በመስከረም 2011 ዓ.ም. አይተናል። በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ጭምር የተገደሉበት ዜና አርባ ምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወደ አደባባይ ወጡ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ በክርክር አልረቱም። ወጣቶቹ የሣሩን ትርጉም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር። ያ ዕውቀት በማናችንም የመማሪያ ክፍል የተሰጠ አይደለም።

ይሁንና ባህሉን ብቻ አወድሼ ብዘጋ ውሸታም እሆናለሁ። በጋሞ ልማድ የሙሉ ዜግነት መብት ያላቸው «ማላ» የሚባሉት ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪዎቹ «ማና» እና ቆዳ ፋቂዎቹ «ደጋላ» ከጉባኤው ተገልለው ኖረዋል። ሴቶችም እንዲሁ። ስንመለስ ቁልቁለቱን እየወረድን ስለ ዱቡሻው ትዕግሥት በአድናቆት ሳወራ ተማሪዬ ዝም ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «ዶክተር፣ እርስዎ ለአንድ ቀን ዝም ብለው መቀመጥዎ ገርሞዎታል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላለች።»

መልስ አልነበረኝም። ለዚህች ልጅ መናገሪያ አንደበት የሰጣት ያ የማማርረው ዘመናዊ ትምህርት ነው። ለእኔ ለመምህሯ ግን ማዳመጥን አላስተማረኝም። እንግዲህ አንዱን ጥሎ ወደ ሌላው መሸሽ አይቻልም። የዱቡሻው ዙሪያ ሊሰፋ፣ የመማሪያ ክፍላችንም ጆሮ ሊያበቅል ይገባዋል።

አገራችን በ2014 ዓ.ም. የምክክር ኮሚሽን በአዋጅ አቋቁማለች። ስለ ኮሚሽኑ ገለልተኝነትና ስለ አባላቱ ብዙ ተብሏል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ነው፦ ለመመካከር የምንቀመጠው እኛ፣ ሰው እስኪጨርስ መጠበቅን የት ተለማመድነው?

በበኩሌ ከክፍሌ ጀምሬያለሁ። በውይይት ጊዜ ማንም ተማሪ ከመቃወሙ በፊት የተናጋሪውን ሐሳብ ተናጋሪው «አዎን፣ ያልኩት ይህን ነው» እስኪል ድረስ መልሶ ማስረዳት አለበት። በመጀመሪያው ቀን ከሞከሩት መካከል የተሳካለት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አንድ ተማሪ ተቃወመኝ፤ እኔም በደንቡ መሠረት ያለውን ልመልስ ሞከርኩ። «አይ መምህር፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም» አለኝ። እንደገና ሞከርኩ። ሦስት ጊዜ ፈጀብኝ።