ለእማዬ፣ ከበረዶው መሀል

ውድ እናቴ፣

ይህን የምጽፍልሽ ድንኳን ውስጥ በደረቴ ተኝቼ፣ ግንባሬ ላይ ባሰርኩት ባትሪ ብርሃን ነው። ስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍም ስላለ በእርሳስ ነው፤ የምታነብልሽ ልጅ ፊደሉ ቢደበዝዝባት ታገሻት፣ ደግሞም አትቸኩዪ በያት።

ባለፈው በስልክ «ምን ጎድሎብሽ ነው በብርድ ተራራ ለተራራ የምትንከራተቺው?» አልሽኝ። ሥራ ቦታ ስለነበርኩ በወጉ አልመለስኩልሽም። እስቲ የዛሬውን ውሎዬን ልንገርሽ።

ከሲያትል በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ካስኬድ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ፣ ስኖኳልሚ የሚሉት የተራራ በር አለ። ልክ እንደ ጣርማ በር መኪናው ሁሉ የሚያልፍበት ነው። የምንሄድበትን የእግር መንገድ ፓሲፊክ ክሬስት ትሬል ይሉታል፤ ከሜክሲኮ ወሰን ተነስቶ ካሊፎርኒያን፣ ኦሪገንንና ዋሽንግተንን አቋርጦ ካናዳ ይደርሳል፣ 4,265 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኔና ጓደኛዬ የያዝነው ከስኖኳልሚ እስከ ስቲቨንስ በር ያለውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሚገርምሽ፣ የስኖኳልሚ ከፍታ 920 ሜትር ቢሆን ነው፤ እኛ አገር ቢሆን የለየለት ቆላ ነበር። እዚህ ግን ወደ ሰሜን በጣም ስለራቅን፣ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስም ተራራው ላይ ሲወጣ ሸክሙን እዚሁ ስለሚያራግፍ፣ በዓመት በአማካይ አሥር ሜትር ያህል በረዶ ይወርድበታል።

ጠዋት ስንነሳ ዝናብ ነበር። በጥዱ ጫካ ስንወጣ የከባድ መኪኖቹ ጩኸት ከበታቻችን ብዙ ተከተለን፤ እሱ ሲጠፋ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። እማዬ፣ ደረቅ በረዶ ክፉ አይደለም፣ አራግፈሽው ትሄጃለሽ። ክፉው ዜሮ ዲግሪ ላይ የሚወርደው እርጥቡ ነው። ልብስ ላይ እንዳረፈ ይቀልጣል፣ በአንገት ይገባል፣ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል።

ቀትር ላይ ኬንዳል ካትዎክ ደረስን። መንገድ ማውጫ ጠፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ግራናይቱን በድማሚት ፈልጠው ያወጡት ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ በአንድ ወገን ቀጥ ያለ ድንጋይ፣ በሌላው ገደል። አትደንግጪ፤ አዲሱ በረዶ ገና ከቁርጭምጭሚት አላለፈም ነበር። ሰኔ ላይ ቢሆን፣ ክረምቱን የከረመው በረዶ ጠጥሮ ተዳፋት ሲሠራበት፣ እኔም አልረግጠው። መሀሉ ላይ ጉሙ ለቅጽበት ተገለጠና ሸለቆው እስከ ታች ታየ። ሁለታችንም ቆምን።

ከዚያ ወዲያ ነፋስ የከመረው በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ሰጠምኩ። አባባ ይነግረን የነበረው ታሪክ ትዝ አለኝ። ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው የንጉሥ ጽሑፍ፣ የሰሜን ተራራ በረዶ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይናገራል። አባባ በሕይወት ቢኖር ማታውኑ ደውዬ የምነግረው ይህንን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ጓደኛዬ ዝም አለች። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለ እህቷ ሰርግ ስታጫውተኝ ነበር። ዞር ስል የቦርሳዋን ማሰሪያ ለመቆለፍ ትታገላለች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ ብለዋት ሁለቱ የላስቲክ ጥርሶች አይገናኙም። «ደህና ነሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» አለች፣ ቃሉ ግን አፏ ውስጥ ተድበሰበሰ። ብርድ ሰው የሚጥለው እንዲህ ነው፤ ዝናብና ነፋስ ከተጋገዙ ከዜሮ በላይም ይገድላል። መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ እጅ ይሰንፋል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ በመጨረሻ ማሰቢያን ይወስድና በርዶኛል ማለትን ያስረሳል።

ከቋጥኝ ሥር አስጠጋኋት። ጃኬቷን ስከፍተው ከውስጥ የለበሰችው የጥጥ ካናቴራ ነው፣ ጠብ ጠብ ይላል። አወለቅኩላትና ደረቁን የሱፍ ሹራቤን አለበስኳት። ጥጥ ሲረጥብ አብዛኛውን ሙቀቱን ያጣል፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ያሞቃል። ይህን ያወቅኩት ከአንቺ ነው። መንዝ ውስጥ በዝናብ ለእረኝነት ስትልኪን ጋቢ አታስለብሽንም ነበር፤ የበግ ጠጉሩን ባና ነበር የምትደርቢልን። ቀጥሎ የላክሽልኝን በሶ፣ በቅቤና በማር ለውሼ የያዝኩትን፣ እየቆረስኩ አጎረስኳት። ትኩስ ውኃም አጠጣኋት። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ሰርጉ ላይ የት ደርሼ ነበር?» አለችኝ። እንባዬ መጣ።

አሁን አጠገቤ ተኝታለች። የረጠቡ ካልሲዎቼን ሆዴ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፣ እስኪነጋ ይደርቃሉ። የውኃ ማጣሪያዋንም ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አቅፌያታለሁ፤ ውስጧ ያለው ውኃ በረዶ ከሆነ ትሰነጠቃለች።

ምን ጎድሎብሽ ነው ላልሽው፦ እማዬ፣ የጎደለኝ አንቺ ነሽ። ሲያትል ስለ አንቺ የማስበው በሥራ መሀል፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ተሻምቼ ነው። እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠበቅብኝ መራመድ ብቻ ነው፤ ድምፅሽን ሳልቸኩል እሰማዋለሁ፣ እጅሽ ላይ የሚሾረው እንዝርት ሳይቀር ይታየኛል። ብርዱንም የምችለው ለዚህ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የምትዪውን ግን አልረሳሁም፤ ስመለስ ቅቅል እሠራለሁ።

ደብዳቤውን ስቲቨንስ ስንደርስ ለሚያገኘን ሰው እሰጠዋለሁ። ለአጎቴ ንገሪው፦ ዘንድሮ በጎቹ ሲሸለቱ ጥቁሩን ጠጉር ለማንም እንዳይሸጥ። አንቺ ፈትለሽ ላኪልኝ፣ ሹራቡን እኔ እሠራዋለሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ይሁን፤ ጓደኛዬም የአንቺን ክር ትልበስ።

የምትወድሽ ልጅሽ