ሳላነብ የቀማሁት መጽሐፍ

አገልግሎት በጀመርኩባቸው ዓመታት በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ትምህርት እየሰጠሁ ሳለ በጉልበቱ ላይ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ዘርግቶ ሲያነብ አገኘሁትና ቀማሁት። ሽፋኑ ላይ ፕላኔትና እንግዳ ፍጥረታት ተሥለዋል። «ይህ የሰይጣን ተረት ነው» ብዬ በጓደኞቹ ፊት ሰበኩበት። ምንም አልመለሰልኝም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መምጣት አቆመ።

ባለፈው ክረምት ቤት ስንቀይር መጽሐፉን ከኮሌጅ ደብተሮቼ መካከል አገኘሁት። የደራሲውን ስም ሳይ ደነገጥኩ፤ ሲ. ኤስ. ሉዊስ! በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሥራዎቹን ያጠናሁለት፣ ከመድረክም ስሙን ደጋግሜ የጠራሁት ሰው። ያን ቀን ከሥዕሉ አልፌ ስሙን እንኳ አላነበብኩም ነበር።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1938 የታተመ ነው። ሉዊስና ወዳጁ ቶልኪን፣ አንዱ ስለ ጠፈር ጉዞ ሌላው ስለ ጊዜ ጉዞ ሊጽፉ ተስማምተው ነበር፤ ለሉዊስ የደረሰው ጠፈር ነው። ራንሰም የተባለ የቋንቋ ምሁር፣ ዌስተን በሚባል ሳይንቲስትና በግብረ አበሩ ታፍኖ ወደ ማርስ ይወሰዳል። እዚያ የሚኖሩት ፍጥረታት ለዓይን ያስፈራሉ እንጂ እንደ እኛ በኃጢአት የወደቁ አይደሉም። ለክፋት ያላቸው ቃል «የጎበጠ» የሚል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። እኛስ ክፉውን ሰው «ጠማማ» አይደል የምንለው? ፊልጵስዩስ 2፥15 ላይም ቃሉ አለ። አውግስጢኖስ ክፋት በራሱ የቆመ ነገር ሳይሆን የመልካሙ መበላሸት ነው ብሎ ያስተማረውን ለፈተና ሸምድጄው ነበር። የጎበጠ ነገር ቀድሞ ቀጥ ያለ እንደ ነበር የገባኝ ግን ከዚህ «ተረት» ነው። በሉቃስ 13 ያለችው አሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠች ሴት ትዝ አለችኝ።

ወደ መጨረሻው ዌስተን በፕላኔቷ ገዥ ፊት ይቆምና ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ሰው ልጅ ታላቅ ዕጣ ረጅም ንግግር ያደርጋል። አስተርጓሚው ራንሰም ነው። የዚያ አገር ቋንቋ ግን ለእንዲህ ዓይነት ቃላት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ቀለል አድርጎ ይናገረዋል። ንግግሩ ሁሉ ሲተረጎም እናንተን ገድለን ምድራችሁን እንወስዳለን ከማለት ሌላ ምንም አይቀረውም። እኔም ለውጭ አገር ሰባኪዎች ብዙ አስተርጉሜያለሁ (አንዳንዱ ስብከት በአማርኛ ሲገባ እንደ ቅቤ ቀልጦ ያልቃል፤ ይህን አስተርጓሚ ሁሉ ያውቃል)። ስለዚህ በዌስተን ከልቤ ሳቅኩ።

ሌሊት ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያን ቅዳሜ የተናገርኩትን ማስታወስ ጀመርኩ። «የመንጋው ጥበቃ»፣ «የወጣቱ መንፈሳዊ ንጽሕና»፣ «የእረኛ ኃላፊነት»። ራንሰም ይህን ቢያስተረጉምልኝ ምን ይል ነበር? ይህ ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ ከልጅ እጅ ቀማ፤ ልጁንም በጓደኞቹ ፊት አዋረደው። ሌላ የሚተረጎም ነገር ፈለግኩ፤ አጣሁ። አልጋዬ አጠገብ ተንበርክኬ ጌታን ምሕረት ለመንኩ፤ ነገር ግን ይቅርታ የምጠይቀው ሌላም ሰው ነበር።

እናቱ አሁንም ከእኛ ጋር ነው የምታመልከው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስልኩን ከእርሷ ተቀበልኩ። ስደውልለት ወዲያው በድምፄ ለየኝ። ያለ ምንም ትልልቅ ቃል ያደረግኩትን ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ፓስተር፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት?» አለኝ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ጨረስኩት።»

«እኔ እኮ ግማሽ ላይ ነበርኩ። ሰውየው ወደ ምድር ይመለሳል?»

አልነገርኩትም። መጽሐፉን ትናንት በእናቱ እጅ ላኩለት።